ከጎረቤላ ቁልቁል

ደብረ ብርሃን፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ፣ ለጋሼ ዘርአ ዳዊት፤

አዲሱ ዓመት ጤና ይዞልዎት እንደገባ ተስፋ አደርጋለሁ። እናቴ «ወንድሜን በሰው አገር የጠበቀልኝ ጌታ ስሙ ይባረክ» ብላ ደጋግማ ትስምዎታለች። እኔም ጉልበትዎን ስሜ ሰላም እላለሁ።

ኢንተርኔቱ አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት ስለሚጠፋ፣ ስልኩም ገና ሰላም ሳንባባል ስለሚቆረጥ፣ እንደ ድሮው በወረቀት ልጽፍልዎት ወሰንኩ። ልብስ ከዚያ እያመጣች የምትነግደው ለተጊዮርጊስ ሰሞኑን ወደ ቤልጅየም ስለምትመለስ ታደርስልኛለች።

ብስክሌቱ ደረሰ፣ ጋሼ! ካርቶኑን ግቢ ውስጥ ስንከፍተው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። በሁለት ጣቴ አንጠለጠልኩት። እናቴ «ይኼ ነገር እውነት ሰው ይሸከማል?» ብላ ደነገጠች። ካርቦን የሚባለውን በስም እንጂ በዓይናችን አይተነው አናውቅም ነበር። ሁለመናው ጥቁር ሆኖ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዘው ፎርኬላ ብቻ ቀይ መሆኑ ደግሞ ውበት ጨመረለት። ቀለሙ ዛሬ የተቀባ ይመስላል።

ስለ ክለባችን እስካሁን አልነገርኩዎትም። ስምንት ነን። ሁላችንም ቀን ቀን ሥራ አለን፤ እኔ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ማሽን ላይ ነኝ፣ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ይማራል። የሚያሠለጥነን መምህር ኃይለሚካኤል የሁለተኛ ደረጃ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ለዚህ ሥራው የሚከፍለው የለም። ከሴቶቹ ፈጣኗ ቦሰና ባየው ናት። ከጎረቤላ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጣች የባና ሸማኔ ልጅ ናት፤ እሷ የበጉን ጸጉር ትፈትላለች፣ አባቷ ይሸምናል። ዳገት ላይ አንድም ቀን ቀድሜያት አላውቅም። ብስክሌትዎን ስታየው ዙሪያውን ሁለቴ ዞረችና «አሁን ገና ትቀድሚኛለሽ» ብላ ሳቀች።

እናቴ በየማኅበሩ «ወንድሜ የትልልቅ ተወዳዳሪዎች መካኒክ ነው» እያለች ታወራለች። እኔም እንደሷ ኮርቻለሁ። እጅዎ ይባረክ።

የእህትዎ ልጅ ሠናይት


ጌንት፣ ቤልጅየም፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሠናይት፤

የአባቶቻችን አምላክ አንቺንም እናትሽንም ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውራችሁ።

ደብዳቤሽን ምሳ ሰዓት ላይ ሥራ ቦታ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሳቄም ዕንባዬም መጣ። እኔ ባንቺ ዕድሜ የነበረኝ ብስክሌት ብረቱ ብቻ አንድ ቁና ገብስ ያህል ይመዝን ነበር። በዚያ እየጋለብኩ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ በማግስቱ ተመልሻለሁ፤ እናትሽን ጠይቂያት።

ስለ እኔ ሥራ ብዙ የሚወራ የለም። ብስክሌት ይመጣል፣ ብስክሌት ይሄዳል። ያንቺን ከዚያው ከሥራዬ በቅናሽ አገኘሁት።

እንደ ታላቅ ግን ጥቂት ነገር ላሳስብሽ። ካርቦን ለስላሳ መንገድ ይወዳል። አስፋልት ላይ ብቻ ንጂው። ወደ ሥራ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ገበያ ትመላለሽበታለሽ ብዬ ነው የላክሁት። ድንጋይ ላይ እንዳትወጪበት። ፎርኬላውን ማንም እንዳይፈታው፤ ቀለሙንም ማንም እንዳይፍቀው። በውኃ ብቻ አጥቢው።

ክለብ ያልሽው ግን አዲስ ሆነብኝ። ውድድር አላችሁ ማለት ነው? የት ነው? አስፋልት ላይ ነው አይደል?

ለእህቴ ለአልታየች ናፍቆቴን ንገሪልኝ።

አጎትሽ ዘርአ ዳዊት


ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱ አጎቴ፣ ለጋሼ ዘርአ ዳዊት፤

እንደምን ከርመዋል? እዚህ ውርጩ ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት ስንወጣ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይጠብቀናል፤ ሌላው ግን ሁሉ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለ ውድድሩ ጠይቀውኝ ነበር። አስፋልት አይደለም፣ ጋሼ። አስፋልቱማ የጭነት መኪናዎች ነው። እኛ ከደብረ ብርሃን ተነሥተን በገበሬው ማሳ መሐል በሚያልፈው የድሮ ኮረኮንች መንገድ እስከ ጎረቤላ እንሄዳለን፤ ከጎረቤላ ደግሞ ገደሉን ይዘን ቁልቁል እስከ አልዩ አምባ ገበያ ሜዳ። ቀኑ የካቲት 8 ነው። ከሌሎች ከተሞችም አማተሮች ይመጣሉ። ከሴቶች አንደኛ የምትወጣውን አንድ የአዲስ አበባ ክለብ እንደሚወስዳት ለመምህር ኃይለሚካኤል ቃል ገብተውለታል። ከክለባችን ሴቶች ለአንደኝነቱ የሚያደርስ ጉልበት ያለን እኔና ቦሰና ነን።

ባለፈው እሑድ መንገዱ ሰላም ነው ሲሉን ሄደን ሞከርነው። እስከ ጎረቤላ ብስክሌትዎ በራሪ ነው! ለመጀመሪያ ጊዜ ከቦሰና እኩል ደረስኩ። ቁልቁለቱ ላይ ግን ጉም ወረደብን። ከፊቴ ያለውን ድንጋይ እንኳ የማየው ጎማዬ ሲነካው ነበር። በግራ በኩል ገደል አለ፤ የገበያተኛ አህያ ሲመጣ ደወሉን እንሰማለን እንጂ አናየውም።

እዚያ ላይ ድምፅ ሰማሁ። ፍሬን ስይዝ ከፊት በኩል «ጢቅ» ይላል፤ ሰው ጣቱን ሲያንቋቋ እንደሚሰማው ዓይነት። ስለቀው ይተዋል፣ ስይዘው ይመለሳል። ፈራሁና ቀስ አልኩ። ቦሰና ታች ሆና ጠበቀችኝ።

«ምን ሆነሽ ቀረሽ?» አለችኝ።

«ድምፅ ሰምቼ።»

«እሱ ፍርሃት ነው፤ እኔም ይሰማኛል» ብላ ሳቀችብኝ።

መምህር ኃይለሚካኤል ብሎኖቹን ሁሉ አጠበቀልኝ። ትንሽ ቀነሰ፤ ግን አልጠፋም። እርስዎ ባለሙያ ስለሆኑ ምን እንደሆነ ቢነግሩኝ ብዬ ነው።

ሠናይት


ጌንት፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሠናይት ልጄ፤

ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽ ዛሬ ነው የደረሰኝ፤ በዚያው ተቀምጬ እየጻፍኩ ነው።

ድምፁ ከየት ነው? ከላይ ከመሪው ሥር ነው ወይስ ከታች ከጎማው አጠገብ? በቀኝ ነው በግራ? ፍሬን ሳትይዢ ጉድጓድ ውስጥ ስትገቢስ ይሰማል? ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ታይቷል? ለማንም ሳታሳዪ ብቻሽን እይውና ጻፊልኝ።

እስከዚያ ግድግዳ ላይ ስቀዪው። ሌላ ፎርኬላ ፈልጌ እልክልሻለሁ። ካልሆነም ገንዘብ ልላክና እዚያው አዲስ አበባ ሌላ ብስክሌት ግዢ፤ የፈለገውን ያህል ይሁን። የአልዩ አምባውን ቁልቁለት ግን ተዪው። በወጣትነቴ አውቀዋለሁ።

ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። የታላቅ ምክር ነው።

አጎትሽ


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱ አጎቴ፣ ለጋሼ ዘርአ ዳዊት፤

ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርስዎት። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር አዲስ አበባ በለተጊዮርጊስ እህት ቤት ሁለት ሳምንት ቆየ አሉ። ፎርኬላውም አብሮ አልመጣም።

እኔ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ደርሷል። እንዳይደነግጡ፤ ተርፌያለሁ። ከአሥር ቀን በፊት ማሽኑ ግራ እጄን ያዘኝና ሁለት ጣቴ ተሰበረ። ሐኪሙ እስከ የካቲት መጨረሻ በእሱ ምንም ነገር አትጨብጪ ብሎኛል። ፍሬን መያዝ ካልቻልኩ መወዳደር የለም ማለት ነው። ሁለት ቀን አልቅሼ በሦስተኛው ቀን ብስክሌቱን ለቦሰና ወሰድኩላት። «እኔ ካልሄድኩ አንቺ ሂጂበት» አልኳት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። የእሷ ብስክሌት ከባድ ነው፤ በእርስዎ ግን አሁን ቁልቁለቱን ከወንዶቹ እኩል ትወርዳለች። «ስቀዪው» ያሉኝ የደረሰኝ ከሰጠኋት በኋላ ነው፤ የጠየቁኝን ግን ትናንት አየችልኝ። መስመር የለውም። ድምፁም ሰሞኑን ጭራሽ ጠፍቷል ትላለች።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ባለፈው እሑድ ሲደውሉ ከእናቴ ጋር ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «ብስክሌቱስ?» አሉ። ስልኩን ስቀበላት «ሠናይት፣ ብስክሌቱ…» ብለው ዝም አሉ። እናቴ መስመሩ ተቋረጠ መሰላት። አልተቋረጠም ነበር። ትንፋሽዎን እሰማ ነበር።

ምን ሊነግሩኝ ነበር?

ሠናይት


ጌንት፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሠናይት፤

ዛሬ ሰላምታውን አላበዛም። ይህን ደብዳቤ ስታነቢ ብቻሽን ሁኚ።

እኔ የተወዳዳሪዎች መካኒክ አይደለሁም፤ ሆኜም አላውቅም። የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው። ወድቀው ወይም መኪና ገጭቷቸው የተመለሱ ብስክሌቶች ወደ እኛ ይመጣሉ። ሰው ተመልሶ እንዳይጋልባቸው ለሁለት ይቆረጣሉ። የሚቆርጣቸው እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መጋዝ ይዤ የኖርኩት በዚህ ነው። ለእናትሽ የነገርኳት ሌላ ነው፤ አንዴ ከተናገርኩት በኋላ መመለሻ አጣሁለት።

ያንቺ ብስክሌት ከሚቆረጡት አንዱ ነበር። መኪና የገጨው ነው። ሌላው አካሉ ደህና ነበር፤ ፎርኬላው ግን በግራ በኩል ጥፍር የማታስገባ ስንጥቅ ነበረችበት። ከመጋዙ ሥር አውጥቼ ቤቴ ወሰድኩት። በሙጫ ደፈንኳት፣ ብርጭቆ ወረቀት አስነካኋት፣ ከላይ ቀለም ቀባሁት። ያ የወደድሽው ቀይ ቀለም የኔ ነው። ከተማ ውስጥ አስፋልት ላይ ትመላለስበታለች፣ ይችላታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ኮረኮንች፣ ቁልቁለት፣ ውድድር እንዳለ አላውቅም ነበር። ካወቅሁ በኋላ ግን ዝም ማለቴን ምን እንደምለው አላውቅም።

ድምፁ ጠፋ ያልሽው ከሁሉም አስፈርቶኛል። ይህ መልካም ምልክት አይደለም።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። የእህቴን ድምፅ ስሰማ አፌ ይያዛል። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ደግሞ ስልካችሁ አይጠራም። ለተጊዮርጊስ ከነገ ወዲያ ትነሣለች፤ ዛሬ ካልጻፍኩ አልጽፍም።

ያቺ ልጅ በምንም መንገድ እንዳትነዳው። ለሁለት ቁረጡት።

አንድ ነገር ግን በእናትሽ ስም እለምንሻለሁ። ይህን ወረቀት አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥዪው። «ፎርኬላው አይታመንም» ብትዪያቸው ይበቃል። እህቴ ስሜን እያነሣች በሰው ፊት ቀና ብላ የምትሄድበት ሌላ ነገር የላትም።

ዘርአ ዳዊት


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፤

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ረቡዕ፣ የካቲት 5 ቀን ነው። ውድድሩ ቅዳሜ ነበር። የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ልጻፍልዎት።

ሐሙስ በጠዋት ቦሰና ወደተከራየችበት ቤት ሄድኩ። ብስክሌቱን ገልብጣ ሰንሰለቱን እየወለወለች ነበር።

«ቦሲ፣ ይኼን ብስክሌት አትንጂው» አልኳት።

«ለምን?»

«ፎርኬላው አይታመንም። አጎቴ ጽፎልኛል።»

ጨርቁን መሬት ላይ አስቀመጠችው። «አንቺ ስትነጂው ይታመን ነበር። እኔ ላሸንፍበት ስል አልታመን አለ?»

«እንደሱ አይደለም።»

«እንዴት ነው ታዲያ? ንገሪኛ።»

ደብዳቤዎ ትከሻዬ ላይ ባንጠለጠልኩት ቦርሳ ውስጥ ነበር። እጄን ቦርሳው ላይ አደረግሁ እንጂ አልከፈትኩትም።

ተያይዘን መምህር ኃይለሚካኤል ዘንድ ሄድን። ብስክሌቱን ፀሐይ ላይ አውጥቶ አገላብጦ አየው፤ ፎርኬላውን ከላይ እስከ ታች በሳንቲም አንኳኳው፤ የፊቱን ፍሬን ይዞ በሙሉ ክብደቱ ገፋው። ምንም የለም። ቀለሙ ንጹሕ ነው፤ ጭረት እንኳ የለውም።

«ደብዳቤውን እስቲ ልየው» አለኝ።

«የቤተሰብ ጉዳይ አለበት» አልኩት።

ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ሠናይት፣ እጅሽ እንደሚያምሽ አውቃለሁ። ይኼ ግን ካንቺ አይጠበቅም።»

ቦሰና በንዴት ታለቅስ ነበር። እኔም «እንግዲህ እንዳላችሁ» ብዬ ወጣሁ። አኩርፌ ወጣሁ፣ ጋሼ። እውነቱን የደበቅሁት እኔ ሆኜ፣ ስለጠረጠሩኝ የተበደልኩ መሰለኝ። ዓርብ ከሰዓት ወረቀቱን ይዤ ተመልሼ ልሄድ ከቤት ወጥቼ ነበር። እናቴን በር ላይ አገኘኋት፤ ከጎረቤት ጋር ቆማ ስለ እርስዎ እያወራች ነበር። ተመልሼ ገባሁ።

ቅዳሜ እኔን ባንዲራ አስይዘው ከጎረቤላ በታች ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ አቆሙኝ። የእኔ ሥራ ገበያተኛው አህያውን ወደ ዳር እንዲይዝ ማድረግ ነው። ጉሙ ተገፎ አገሩ እስከ ቆላው ድረስ ይታይ ነበር። መጀመሪያ ወንዶቹ አለፉ። ከዚያ ቦሰና መጣች፣ ብቻዋን። ሌሎቹ ሴቶች ገና ከላይኛው መታጠፊያ አልወጡም። እየሳቀች ነበር። ስታየኝ ሳቋን አቆመችና አገጯን ቀና አደረገች።

ባንዲራውን ጥዬ መንገዱ መሐል ልቆም አሰብኩ። አሰብኩ እንጂ አላደረግሁትም። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ፍሬን ያዘች። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ድምፅ ሰማሁ። የፊት ጎማው ብቻውን ተነጥሎ ቁልቁል ሄደ። እሷ ከመንገዱ ዳር ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ወደቀች።

ገበያተኞቹ ጋቢያቸውን በሁለት አጣና ላይ አስረው ተሸክመው መኪና እስከሚገባበት አወጧት። ደብረ ብርሃን አሳደሯትና ወደ አዲስ አበባ ላኳት። መንጋጋዋና የትከሻዋ አጥንት ተሰብሯል፤ እሱ ይጠገናል አሉ። ግራ እጇ ግን ከትከሻዋ ጀምሮ አይሰማትም። ነርቩ ተበጥሷል፤ ከእንግዲህ እጁ መሥራቱን እንጃ ብለዋል። በአንድ እጅ አይፈተልም፣ ጋሼ።

ከሁሉ የከፋውን ልንገርዎት። እኔን የሚወቅሰኝ የለም። ሰው ሁሉ «አንቺማ ነግረሻት ነበር» ይለኛል። መምህር ኃይለሚካኤል፣ እጄ እስኪድን ቀላል ሥራ ወደሰጠኝ ፋብሪካ በር ድረስ መጥቶ፣ ሠራተኛው እያየ፣ አልቅሶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ተቀበልኩት። «ምንም አይደል» አልኩት።

ደብዳቤዎን አላቃጠልኩትም።

ሠናይት


ጌንት፣ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ስልክ እየደወልኩ ነው። ይጠራል፤ አታነሺም። ለእናትሽም ደወልኩ፤ «ሥራ ላይ ናት» ትለኛለች።

ስለ ልጅቱ የተሰማኝን በወረቀት አልችለውም። እግዚአብሔር ይማራት። ለሕክምናዋ የምችለውን ሁሉ እልካለሁ፤ ከማን እንደሆነ ግን አይነገራቸው።

አንቺ ነግረሻቸዋል። ያልሰሙት እነሱ ናቸው። አንቺ ላይ ምንም የለም፤ ሰውም የሚለው ይህንኑ ነው። ታዲያ ያ ወረቀት አሁን ለማን ይጠቅማል? እጇን አይመልስላት። የተሰበረውስ የት ነው ያለው? ማን ወሰደው? ቀለሙን የፋቀው ሰው አለ?

ሠናይት፣ አቃጥዪው። ሌላ ነገር አልለምንሽም።

አጎትሽ


ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፤

ቦሰና ከሆስፒታል ወጥታ አባቷ ቤት ናት። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ነበር። ከጎረቤላ ወዲያ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ነው።

አባቷ አቶ ባየው ሸማ መሥሪያ ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ከትተው ተቀምጠው ነበር፤ አይሸምኑም። ያልተፈተለው ጸጉር በቤቱ ጥግ ተከምሯል። ቦሰና መደቡ ላይ ናት፤ ግራ እጇን በነጠላ ከደረቷ ጋር አስረውላታል። ስታየኝ ለመነሣት ሞከረች። «እንኳን መጣሽ፤ ይቅርታ ልጠይቅሽ እፈልግ ነበር» አለችኝ። መንጋጋዋ ገና ስላልጠና ቃሉን አንድ በአንድ ነው የምታወጣው።

ቶሎ ብዬ ወረቀቱን አወጣሁ። ሌላ ቃል ከተናገረች ማንበብ የምችል አልመሰለኝም። «ከአጎቴ የመጣው ደብዳቤ ይኼ ነው» አልኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። «አቃጥዪው» የሚለውንም አነበብኩ።

ከዚያ ቦሰና ጠየቀችኝ።

«መቼ ነው የደረሰሽ?»

«ረቡዕ።»

«እኔ ጋ የመጣሽው ሐሙስ ነው።»

«አዎ።»

«ያን ጊዜ የት ነበር?»

«ቦርሳዬ ውስጥ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አቶ ባየው ግን አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ስለ ቀለሙ የሚለው ጋ ተመለሺና ድጋሚ አንብቢልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። «ራሱ ነው የቀባው?» «አዎ፣ ራሱ ነው።» «ስንጥቁን አይቶ?» «አይቶ።» እጃቸውን ዘረጉ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ቢሆንም ስጪኝ።» ሰጠኋቸው። አጣጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱት። ለሕክምናዋ ገንዘብ እልካለሁ ማለትዎንም ነገርኳቸው። የእርስዎን ስልክ ቁጥር ጠየቁኝ፤ በሌላ ወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በሩ ላይ ስደርስ ቦሰና ጠራችኝ። ዞር አልኩ።

«ደግመሽ አትምጪ» አለችኝ።

ከዚያ ተመልሼ መምህር ኃይለሚካኤል ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኩት። «ያን ዕለት ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አልኩት። የክለቡ ልጆች አሁን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አይቆሙም።

ለእናቴም ነገርኳት። ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፣ ጾሟን ትጾማለች፣ እራቴን ታቀርብልኛለች። ማኅበር መሄድ ግን አቁማለች። ትናንት ስልኩ ሲጠራ ቁጥርዎን አይታ ለእኔ አቀበለችኝ፤ እኔም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሁለታችንም እስኪያቆም ጠበቅን።

ሠናይት


ጌንት፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሠናይት፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ ለማለት እንኳ አፍሬ ነበር። ይኸው አልኩት።

አቶ ባየው ከበዓሉ በፊት በነበረው ረቡዕ ደወሉልኝ። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ መጋዙን አጥፍቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። ስማቸውን ነገሩኝ። እኔ መለመን ጀመርኩ፤ አላስጨረሱኝም።

«ገንዘብ እልካለሁ ብለሃል አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ አባቴ። የቻልኩትን ሁሉ።»

«አትላክ። ናና እጇን እይ።»

«እሺ» አልኩ።

«ብቻህን ና» ብለው ስልኩን ዘጉት። ምን እንዳሰቡ አልነገሩኝም። ሽማግሌ ፊት ያስቀምጡኝ እንደሆነ፣ ሕግ ፊት ያቆሙኝ እንደሆነ፣ ወይም ሌላ፣ አላውቅም። ያንን ወረቀት በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝና አልክደውም። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ቢሆንም «አልመጣም» የሚለው ቃል እንደ ሌላው ጊዜ ቶሎ አልመጣልኝም።

ሥራዬን ትናንት ለቀቅሁ። ለአለቃዬ ለምን እንደምለቅ ነገርኩት፤ ብስክሌቱን እንደወሰድኩም ጭምር። የምነሣው ግንቦት 2 ቀን ነው። በሰው አገር በኖርኩበት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ አገሬ ስመጣ ሥጦታ ተሸክሜ እንደምመጣ ነበር የማስበው። የያዝኩት አንድ ቅያሪ ልብስ ነው።

ለእህቴ ይህን አንብቢላት። እንድትቀበለኝ አልጠይቃትም። አንቺም ሥራሽን ጥለሽ አዲስ አበባ እንዳትወርጂ፤ ደብረ ብርሃን መናኸሪያም እንዳትጠብቂኝ። እናንተ ቤት አልገባም። በቀጥታ ወደ ጎረቤላ ነው የምሄደው።

ዘርአ ዳዊት